መንደሩ 1,250 ዓመት ሞላው ሲባል ማን ቆጠረለት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል፤ የጀርመን ገጠር። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሰፊውን ቦታ ወስዳለች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጨዋታው ጣመኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሄሰን በሚባለው የጀርመን ክፍለ አገር በአንዲት ትንሽ መንደር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሱቅ የላትም፣ አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፣ እሁድማ ጭራሽ። ባለፈው ሐምሌ ግን መንደሯ ሌላ ሆነች። “1,250 ዓመት ሞላን” ብለው ድንኳን ጣሉ፣ የሙዚቃ ባንድ መጣ፣ ቢራ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊትማ “የኔ ቤት ከአሜሪካ በዕድሜ ይበልጣል” ይሉኛል። 600 ሰው የማይሞላት መንደር እውነት ይሄን ያህል ዕድሜ አላት ወይስ ጉራ ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ቦታ ምን ታሪክ ይኖረዋል?

መልስ፦ ጉራ አይደለም እህቴ። ግን ልደትም አይደለም። ጀርመኖቹ “ኤርስትኤርቬኑንግ” የሚሉት ነገር አለ፤ የመንደሩ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ላይ የተገኘበት ዓመት ማለት ነው። የሚያከብሩት እሱን ነው። መንደሩ ከዚያ በፊት መቼ እንደተቆረቆረ የጻፈ ሰው የለም። ገበሬው ቤቱን ሲሠራ ጸሐፊ አልጠራም።

ታዲያ ማን ጻፈው? ባንቺ አካባቢ ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ገዳም ነው፤ ሎርሽ። በ764 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ በደቡብ ሄሰን የቀረው በዋናነት ያ የታወቀው የበር ሕንጻው ነው፤ ከ1991 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን መሬት ያለው ሰው ለነፍሱ ብሎ ለገዳሙ ቅዱስ ለናዛርዮስ ርስት ይሰጥ ነበር። ወይን ቦታ፣ እርሻ፣ ግጦሽ፣ አንዳንዴም መሬቱን ከነጭሰኞቹ፣ ከነልጆቻቸው። ሲሰጥ ደግሞ መሬቱ የት እንዳለ መነገር አለበት፤ “በእገሌ መንደር” ይባላል። በቃ፣ መንደሯ ታሪክ ውስጥ የገባችው በዚህች አንዲት መስመር ነው። ሰጪው ነፍሱን ሊያድን፣ ገዳሙ መሬት ሊቆጥር፣ መንደሯ ግን የልደት ካርድ አገኘች።

መነኮሳቱ እነዚህን የስጦታ ሰነዶች በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሰብስበው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ገለበጧቸው። ከ3,800 በላይ ሰነድ ነው፤ ከ1,000 በላይ የቦታ ስም አለበት፤ አሁን ቩርስቡርግ ባለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ይገኛል። የገለበጡት ታሪክ ወደው አይደለም። ገዳሙ እየተዳከመ፣ መሬቱ እየተሸረፈበት ነበርና “ይሄ የኛ ነው” የሚሉበት ማስረጃ ፈልገው ነው። ዛሬ የሃይድልበርግ ክፍል የሆኑት ሃንድሹስሃይምና ኖየንሃይም ሁለቱም ዕድሜያቸውን ከ765 የሚቆጥሩት በዚሁ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች መንደሮች ተራ በተራ 1,250ኛ ዓመት ሲያከብሩ ብታዪ አይግረምሽ፤ የአንድ መዝገብ ልጆች ስለሆኑ ነው።

አንዳንዴ ስሙ ራሱ ይናገራል። በ“ሃይም” የሚያልቁት በአብዛኛው ከቀደምቶቹ ናቸው፤ ጥሩው መሬት ላይ የተቀመጡት። በ“ሮደ” ወይም በ“ሮት” የሚያልቁት ደግሞ ቆይተው የመጡ፣ ደን መንጥረው የሰፈሩ ናቸው፤ ቃሉም ምንጠራ ማለት ነው። ጨርሰው የጠፉም አሉ። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኙና የእህል ዋጋ መውደቅ ተደራርበው ብዙ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ስማቸው ግን የእርሻ ስም ሆኖ ዛሬም አለ። አንድ ገበሬ “ላይኛው እገሌ ሄጄ ልረስ” ሲል፣ ሳያውቀው የሞተ መንደር ስም እየጠራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አሮጊቷ ቤት። “ከአሜሪካ ይበልጣል” ያሉሽ ከ1776 በፊት ማለታቸው ነውና በሄሰን እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ፋኽቨርክ ይሉታል። ቋሚና አግዳሚ የኦክ እንጨት እርስ በርስ ተቆላልፎ፣ መሃሉ በቅርንጫፍ ተጠልፎ፣ በጭድና ጭቃ ተመርጎ የተሠራ ነው። ስትገቢ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ከበሩ በላይ ያለውን ወፍራም አግዳሚ እይው። አብዛኛውን ጊዜ ተቀርጾበታል፤ የባልየው ስም፣ የሚስትየዋ ስም ከነአባቷ ቤት ስም፣ ዓመቱ፣ አንዳንዴም የአናጺው ስምና ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጥቅስ። የሚስትየዋ ስም መኖሩ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። የነገሥታቱ መዝገብ ላይ የተራ ገበሬ ሚስት ቦታ አልነበራትም፤ በሯ ላይ ግን አለች።

ብዙዎቹ ቤቶች ከ1648 በኋላ የተሠሩ ናቸው። ለምን ብትይ፣ ከ1618 እስከ 1648 የቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ገጠሩን አራቁቶት ስለነበረ ነው። ወታደሩ ደመወዝ ሲያጣ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው፤ ወዳጅም ይሁን ጠላት ለገበሬው ልዩነት አልነበረውም። ከዚያ ረሃብ መጣ፣ ከዚያ ወረርሽኝ። አንዳንድ አካባቢ ከሕዝቡ ግማሽ በላይ አለቀ።

እኔ መንደር ስሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት የምፈልገው ግን የጋራ መጋገሪያ ቤቱን ነው። “ባክሃውስ” ይባላል፤ ባንቺም መንደር ይኖር ይሆናል፣ የብስክሌት ጎጆ የመሰለችውን የድንጋይ ቤት ፈልጊያት። ድሮ በየቤቱ ምድጃ እንዲነድ አይፈለግም ነበር። የጣሪያው ሣርና የቤቱ እንጨት አንድ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው፣ ደኑም እያለቀ ነበር። ስለዚህ መንደሩ በአንድ ምድጃ ይጋገር ተባለ። ችግሩ ማን ይቅደም ነው። ቀድሞ የሚጋግር ሰው የቀዘቀዘ ምድጃ ነው የሚያገኘው፤ ድንጋዩን ለማጋል እንጨቱ ያልቅበታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሱ እንጨት ይጠቀማሉ። ለዚህ ነው ዕጣ የሚጣለው። ዕጣው አንደኛ ሲያወጣሽ ደስ ሊልሽ አይገባም ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ያለ ጋገራ ላይ ተገኝቼ አይቻለሁ። የቅርንጫፍ እስሩ ነዶ ወደ ፍም ሲለወጥ ሽማግሌው ፍሙን በረጅም መዛቂያ አወጡት። ከዚያ በረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረ እርጥብ ጨርቅ ነክረው ወለሉን ጠረጉት፤ እንፋሎቱ ፊታችንን መታን። ቴርሞሜትር የለም። አንድ እፍኝ ዱቄት ወስደው ወደ ውስጥ በተኑ። ወዲያው ጠቆረ። “ገና ነው” አሉና ቆመው ወሬ ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ ዱቄቱ ቀስ ብሎ ቡናማ ሆነ። ያኔ ዳቦው ገባ። ዳቦው ወጥቶ ምድጃው ሲበርድ ደግሞ በሰፊ ትሪ የተዘረጋ ኬክ ተከተለ፤ ሙቀት አይባክንም። ሳስበው የመንደሩ ቅርስ ማለት ድንጋዩ ብቻ አይደለም፣ ያ “ገና ነው” የሚለው ዓይን ነው። ድንጋዩን ማደስ ይቻላል።

“ምን ታሪክ ይኖረዋል” ላልሽው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ውርስ። በሄሰን ሰፊ ክፍልና በደቡብ ምዕራብ ጀርመን መሬት ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፋፈል ነበር። ፍትሐዊ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሦስት ትውልድ ሲቆይ እርሻው እንደ መቀነት ይቀጥናል። በሰሜን በኩል ደግሞ አንድ ልጅ ሁሉን ይወርሳል፣ ሌሎቹ ሎሌ ይሆናሉ ወይ ይሰደዳሉ። በሁለቱም መንገድ ሰው ይወጣል። በ1763 የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ዳግማዊት ኑ መሬት እሰጣለሁ ብላ ስታውጅ ከሄሰን ገጠር ብዙ ሰው ተነሳ። የመሰብሰቢያቸው ከተማ ቢዩዲንገን ነበረች። ለስፈራ የሚፈለጉት ባለትዳሮች ስለነበሩ በ1766 ብቻ ከ300 በላይ ጥንዶች እዚያ ተጋብተው ወደ ቮልጋ ወንዝ ሄደዋል። ስንቱ ተዋዶ እንደተጋባ እንጃ። ቀጥሎ ደግሞ የአሜሪካው ስደት መጣ። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቀጣዩ ዓመት በጋ የሚባል ነገር ሳይኖር ሲቀር፣ እህሉ ማሳ ላይ በሰበሰ፣ የሚችለው ሁሉ ጓዙን ጠቀለለ።

አሁን ደግሞ በበዓሉ መጽሔት ላይ አጭር የሚሆነውን ክፍል። ብዙ የመንደር ዜና መዋዕል 1933 ላይ ሲደርስ ድንገት ትንፋሹ ይቆረጣል። ስለ እሳት አደጋ ብርጌድ አሥር ገጽ የጻፈ ሰው ስለ 12ቱ የናዚ ዓመት ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። የሄሰን መንደሮች ግን ለዘመናት አይሁድ ጎረቤቶች ነበሯቸው፤ የከብት ነጋዴ፣ ጨርቅ ሻጭ፣ ሥጋ ሻጭ። በኅዳር 1938 ምኩራቦቹ ተቃጠሉ። ያልተቃጠሉም አሉ፤ ከጎረቤት ጎተራ ጋር ስለተጣበቁ እሳቱ ይዛመታል ተብሎ የተረፉ፣ በኋላም የገለባ ማከማቻ የሆኑ። ሰዎቹ ተጋዙ። መቃብራቸው ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ውጭ፣ ዳገት ላይ፣ በዛፍ ተከቦ ይገኛል። መንገድ ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች የናስ ሳህን ካየሽ ጎንበስ ብለሽ አንብቢያት። “እዚህ ይኖር ነበር” ብላ ነው የምትጀምረው። ጉንተር ዴምኒግ የተባለ አርቲስት የጀመረው ሥራ ነው፤ ዛሬ በአውሮፓ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተተክለዋል።

ከ1945 በኋላ ደግሞ ከምሥራቅ የተባረሩት ጀርመናውያን መጡ፤ በሁለቱ ጀርመኖች በጠቅላላው ወደ 12 ሚሊዮን። መንደሩ ተሰብስቦ ሳይሆን በግድ፣ አንድ ክፍል ልቀቁ ተብሎ ነው የተቀበላቸው። ፕሮቴስታንት መንደር ውስጥ ካቶሊክ፣ ካቶሊክ መንደር ውስጥ ፕሮቴስታንት። አሮጊቷን በዚህ ጠይቂያቸው። ወይ ተቀባይ ናቸው ወይ መጪ፤ ሁለቱም ወገን ብዙ የሚናገረው አለው።

በመጨረሻ በ1970ዎቹ መንግሥት መንደሮችን አዋሐደ። ሄሰን ውስጥ ከ2,600 በላይ የነበሩት የገጠርና የከተማ አስተዳደሮች ወደ 420 ገደማ ወረዱ። የመንደሯ ከንቲባ ቀረ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ሱቁ። ሳይፈርስ የቀረው በፈቃደኞች የሚሠራው የእሳት አደጋ ብርጌድ ነው። ድንኳኑን የተከሉት፣ ቢራውንም የቀዱልሽ እነሱ መሆናቸውን እወራረዳለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከርማችኋል። ጡረተኛ ነኝ፣ ልጄ ጀርመን ነው። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ አንዲት ትንሽ መንደር ወሰደኝ፤ በመሃሏ የግንብ ቁራጭ ቆሟል። “ይሄ በርሊን ነው እንዴ” ስለው ሳቀብኝ። የሰው ቁጥር 40 ገደማ ነው አለኝ። ለ40 ሰው ግንብ ይሠራል? እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ አባታችን፣ ልጅዎ የወሰደዎት ሞድላሮይት መሆን አለበት። ጥያቄዎም ልክ ነው፤ አሜሪካኖቹም “ትንሿ በርሊን” ይሏት ነበር።

መንደሯን የሚከፍላት ታንባኽ የሚባል ጅረት ነው፤ ረጅም እግር ያለው ሰው ይዘለዋል። በ1810 በዚህ ጅረት ላይ የወሰን ድንጋይ ተተከለ። በወዲህ የባየርን (ባቫሪያ) መንግሥት፣ በወዲያ የሮይስ ልዑላን ግዛት፣ እሱም በኋላ የቱሪንገን ክፍል ሆነ። ለመንደሩ ሰው ግን ከግብር ሰብሳቢው በቀር ወሰኑ ትዝ የሚለው አልነበረም። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በቱሪንገን በኩል ነበሩ። ለቅዳሴ ደግሞ ሁሉም ወደ ባየርኗ ቶፐን ይሄዱ ነበር። በሳምንቱ ለትምህርትና ለቢራ ወዲያ፣ እሁድ ለጸሎት ወዲህ።

ከጦርነቱ በኋላ ያቺ ጅረት የሶቪየትና የአሜሪካ ወሰን ሆነች፣ በ1949 ደግሞ የሁለት አገር። ያኔ ምዕራቡ (የባየርኑ ወገን) ትምህርት ቤት አጣ፣ ምሥራቁ (የቱሪንገኑ) ቤተ ክርስቲያን። በ1952 ምሥራቅ ጀርመን በወሰኑ ሁሉ 5 ኪሎ ሜትር የተከለከለ ቀጣና አወጀች። በዚያው ዓመትና በ1961 ከጠቅላላው ወሰን ከ10,000 በላይ ሰዎች “አይታመኑም” ተብለው ከቤታቸው ተነቅለው ወደ መሃል አገር ተወሰዱ። ሞድላሮይት ውስጥ መጀመሪያ የእንጨት አጥር ነበር፣ ከዚያ ሽቦ፣ በ1966 ደግሞ 700 ሜትር የሚረዝምና 3.3 ሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ ግንብ ቆመ።

ግንቡን ያህል የሚያስገርመኝ ግን አንድ ክልከላ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለ ሰው ወዲያ ማዶ እጁን ማውለብለብ አይፈቀድለትም ነበር። ወንድም ወንድሙን በመስኮት እያየ፣ ከማዶ ሰላም ቢባል እንኳ መመለስ አይችልም። ምዕራብ ያለ ዘመድ ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ምሥራቅ ጀርመን ቢገባም እዚህች መንደር መድረስ አይችልም፤ ቀጣናው ዝግ ነው። በ1973 አንድ ሰው በመሰላል ግንቡን ተሻግሮ አመለጠ።

የበርሊን ግንብ ኅዳር 9 ቀን 1989 ሲከፈት እዚህ ገና ጭጭ ነበር። የመንደሯ በር የተከፈተው ልክ በወሩ፣ ታኅሣሥ 9 ነው። ሰኔ 17 ቀን 1990 ቡልዶዘር መጥቶ አፈረሰው፤ እርስዎ ያዩት ቁራጭ ሆን ተብሎ ለሙዚየሙ የተተወ ነው።

ወሰኑ ግን ዛሬም አለ ቢባሉ ያምናሉ? መንደሯ አሁንም በሁለት ክፍለ አገር ናት። ሁለት የፖስታ ቁጥር፣ ሁለት የስልክ መነሻ ቁጥር፣ ሁለት ዓይነት የመኪና ታርጋ። ወዲህ ያሉት “ግሩስ ጎት” ብለው ሰላም ይላሉ፣ ወዲያ ያሉት “ጉተን ታግ”። እና በነገራችን ላይ “ሮይት” የሚለው የስሙ መጨረሻ ከላይ ለእህታችን የነገርኳት ምንጠራ ነው። ደን መንጣሪዎች የሠሯት መንደር ናት።

ጥያቄ፦ ሰላም። ባለቤቴ ጀርመናዊት ናት፣ የአያቷ አያት ከአንድ ገጠር መንደር እንደነበሩ ብቻ ታውቃለች። ለልደቷ የዘር ሐረጓን ፈልጌ ላስገርማት ብዬ ነበር። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጥሩ ባል ነህ፣ ግን ልደቷ በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ አበባ ግዛ። ይሄ ጊዜ ይወስዳል።

ከ1876 ወዲህ ያለውን በመንግሥት መዝገብ ታገኛለህ። በመላው ጀርመን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ከዚያ ዓመት ጥር 1 ነው፤ ፕሩሲያ በሚባለው ትልቁ የያኔው ግዛት ውስጥ ከ1874 ጥቅምት። ልደት 110፣ ጋብቻ 80፣ ሞት 30 ዓመት ሲያልፈው መዝገቡ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል፣ ያኔ ማንም ማየት ይችላል። ከዚያ በፊት ላለው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። የፕሮቴስታንቶቹን በ“አርኪዮን”፣ የካቶሊኮቹን በ“ማትሪኩላ” ድረ ገጽ ፈልግ፤ የመጀመሪያው በክፍያ ነው፣ ሁለተኛው በነጻ።

ፈተናው ጽሑፉ ነው። ኩረንት የሚባል የድሮ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ አብዛኞቹ ጀርመኖች ራሳቸው አያነቡትም። “ኤ” (e) የምትለዋ ፊደል “ኤን” (n) ትመስላለች፣ “ኡ” (u) ደግሞ በላይዋ ትንሽ ቅስት ካላየህባት ከሁለቱም ጋር ትምታታለች። ፊደሎቹን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አጠገብህ አድርግና መጀመሪያ የምታውቀውን የቤተሰብ ስም ብቻ ፈልግ።

የክርስትና መዝገብ ስታገኝ የክርስትና አባትና እናቱን አትዝለል። ልጁ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚወስደው ከእነሱ ነው፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም አክስት ናቸው። የጠፋብህን ዘመድ እዚያ ልታገኘው ትችላለህ። በ1630ዎቹ ላይ ገጾቹ ቢቋረጡብህ ስህተቱ ያንተ አይደለም። ወይ መጽሐፉ ተቃጥሏል፣ ወይ ቄሱ ሞተዋል፣ ወይ የሚጠመቅ ልጅ አልነበረም።

አንዳንድ መጽሐፍ ድረ ገጽ ላይ አልወጣም፣ መንደሩ ድረስ መሄድ ይኖርብሃል። ያኔ አስቀድመህ ደውል። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ በሳምንት አንድ ወይ ሁለት ጠዋት ብቻ ሊሆን ይችላል የሚከፈተው፤ እኔ 90 ኪሎ ሜትር ነድቼ የተዘጋ በር አንኳኩቼ ተመልሻለሁ።